ድስቷን አስገብተን ሠሪዋን ደጅ አስቀመጥን

በማኅበራችን ጠቅላላ ጉባኤ ላይ ከአባላት አንዷ ያደረገችው ንግግር



ሊቀመንበራችን ስለ ቁጠባ እንድናገር ነበር የጠየቀችኝ። ስለ ቁጠባ ከእኔ ይልቅ ገንዘብ ያዣችን ብትናገር ይሻላል፤ ስለዚህ ሌላ ነገር ላንሳ ብዬ አስፈቅጃለሁ። እንደምታውቁት ሦስት ሴቶች የማኅበራችን አባል ለመሆን አመልክተዋል። ሦስቱም ሸክላ ሠሪዎች ናቸው። መዋጮውን እንከፍላለን፣ ደንቡንም እንቀበላለን ብለዋል። ማመልከቻቸው ግን ሁለት ስብሰባ አለፈው። በሁለቱም ጊዜ «ይቆይ» ተባለ። ለምን ይቆይ እንደተባለ በቃለ ጉባኤው ላይ አልተጻፈም። እዚህ የተቀመጥን ሁላችን ግን ምክንያቱን እናውቀዋለን። ዛሬ የቆምኩት በቃለ ጉባኤ ያልተጻፈውን ለመናገር ነው።

ከራሴ ቤት ልጀምር። ልጅ ሳለሁ እናቴ ድስት የምትገዛት አንዲት ሴት ነበረች። ቅዳሜ ቅዳሜ ወደ ጂንካ ገበያ ስትወርድ ሸክሟን በደጃችን በኩል ታሳልፍ ነበር። እናቴ የሌላ ሰው ድስት አትወድም። «የእሷ ድስት ጎመኑን አያሳርርም፣ ቶሎም አይሰነጠቅም» ትል ነበር። ያቺ ሴት ውሃ ሲጠማት እናቴ እኔን ወደ ጓሮ ትልከኛለች። የእንሰት ቅጠል ቆርጬ አመጣለሁ። እናቴ ቅጠሉን አጠፍ አድርጋ ውሃ ትቀዳበታለች፤ ሴትዮዋም ደጃፉ ላይ ተቀምጣ ትጠጣለች። ቅጠሉ ከዚያ ይጣላል። ማታ ደግሞ ያቺው ሴት በአሥር ጣቶቿ ደባብሳ ከሠራችው ድስት ወጥ ወጥቶ እንበላለን።

አንድ ቀን «ለምን በኩባያ አንሰጣትም?» ብዬ ጠየቅሁ። እናቴ «ዝም በይ፣ ትሰማሻለች» አለችኝ። እናቴ ክፉ ሰው አልነበረችም። ያቺን ሴት ዝናብ ሲይዛት ታስጠልላት ነበር፤ በዋጋም አትከራከራትም ነበር። ግን እጇ የነካውን ድስት ምድጃችን ላይ ጥደን፣ ከንፈሯ የሚነካውን ኩባያ ፈራን። ይህ እንዴት ሊገጥም እንደቻለ እናቴም አልነገረችኝ፣ እኔም ደግሜ አልጠየቅሁም።

እንግዶቻችን እንዲረዱት ጥቂት ላብራራ። በአሪ ማኅበረሰብ ውስጥ ከአራሹ ተለይተው «ማና» የሚባሉ ወገኖች አሉ። ከእነሱ መካከል ሴቶቹ ሸክላ የሚሠሩ፣ ወንዶቹ ብረት የሚቀጠቅጡ ቤተሰቦች ይገኛሉ። ቋንቋቸው አሪኛ ነው። መልካቸውም፣ ለቅሷቸውም፣ ሠርጋቸውም እንደ ጎረቤቶቻቸው ነው። ሆኖም በልማዱ አራሹ ከእነሱ ጋር አይጋባም፤ በአንድ ገበታ መብላት፣ በአንድ ዕቃ መጠጣትም ነውር ሆኖ ኖሯል። ያለ እነሱ ግን መኖር አይቻልም ነበር። መሬቱ የሚቆፈርበትን ብረት የሚያወጣው ቀጥቃጩ ነው። ጎደሬው፣ ጎመኑና የቡና ቅጠሉ የሚፈላበት የሸክላ ሠሪዋ ዕቃ ነው። ወደ በናና ወደ ሐመር ብትወርዱም የቡና ገለባው ሸፈሮ የሚፈላው በሸክላ ነው። በቆላም በደጋም እንግዳ ተቀብለን፣ ሙሽራ ድረን፣ ለቅሶ ደርሰን ያለ ሸክላ የሆነልን ነገር አልነበረም።

አሁን ስለ ሙያው ልናገር። ብዙዎቻችን ሸክላ መሥራት ጭቃ ማቡካት ይመስለናል። ሞሪዬ ካኔኮ የምትባል ጃፓናዊት ተመራማሪ ወደ አሪ አገር መጥታ ሸክላ ሠሪ ሴቶችን ለዓመታት አጥንታለች። ጥናቷን በዓለም የሚነበቡ መጽሔቶች ላይ አውጥታለች። እኛ ደጃችን ላይ ያለውን ሙያ እሷ ባሕር ተሻግራ መጥታ ተማረችው።

ሙያው እንዲህ ነው። መጀመሪያ አፈሩ ይመረጣል፤ ሁሉም አፈር ድስት አይሆንም። ተቆፍሮ ይመጣል፣ ይደርቃል፣ ይወቀጣል፣ ከውሃ ጋር ተለውሶ ይታሻል። የሚሽከረከር መሣሪያ የለም። ዕቃው ቅርጹን የሚያገኘው በእጅና በጣት ብቻ ነው። አንገቱ፣ ሆዱ፣ መቀመጫው ሁሉ በልክ ነው። ከዚያ ጥላ ስር ቀስ ብሎ ይደርቃል። ከቸኮለች ይሰነጠቃል። በመጨረሻ በሜዳ ላይ በእንጨትና በሣር እሳት ይተኮሳል። የብዙ ቀን ድካም በዚያች እሳት ያልፋል ወይም ይጠፋል። ድንገት ነፋስ ቢነሳ፣ ዝናብ ቢያካፋ፣ ዕቃው ውስጥ እርጥበት ቀርቶ ቢሆን፣ ሲፈነዳ ድምፁ ይሰማል። እያንዳንዱ «ጧ» የሚለው ድምፅ የአንድ ልጅ ደብተር ነው።

ሴት ልጅ ይህን የምትማረው ከእናቷ አጠገብ ተቀምጣ ነው። ስታገባ ደግሞ ወደ ባሏ አገር ትሄዳለች። እዚያ አፈሩ ሌላ ነው። እናቷ ያስተማረቻት የውሃ ልክ፣ የማድረቂያ ቀን፣ የእሳት መጠን እዚያ ላይሠራላት ይችላል። ስለዚህ በትዳሯ መጀመሪያ አዲሱን አፈር እንደገና መማር አለባት። እስቲ አስቡት፤ ባልና አማት ስትለምድ አፈርም ትለምዳለች። ይህ ዕውቀት በየትኛውም ደብተር ላይ አልተጻፈም። ትምህርት ቤቱ የእናት ጉልበት ስር ነው። ገዢዎችም ያውቁታል። የእኔ እናት ገበያ ላይ ሃምሳ ድስት ቢደረደር የዚያችን ሴት እጅ ለይታ ታወጣ ነበር። እጇን ታውቅ ነበር። ስሟን ግን አንድም ቀን ስትጠራ አልሰማሁም።

እንግዲህ ይህን ያህል የምንፈልጋቸውን ሰዎች ለምን አራቅናቸው? ሽማግሌዎችን ስትጠይቁ ብዙ ጊዜ የሚሰጠው መልስ «ዘራቸው ሌላ ነው» የሚል ነው። ይህን አባባል ሳይንስም መርምሮታል፤ መልሱን ሁላችን ብንሰማው ጥሩ ነው።

እ.ኤ.አ. በ2012 በጋሞ ደጋ ሞታ በሚባል ዋሻ ውስጥ ከ4,500 ዓመት በፊት የተቀበረ ሰው አጽም ተገኘ። ስሙን «ባይራ» አሉት፤ በጋሞኛ በኩር ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ2015 የዘር ቅንጣቱ ሙሉ በሙሉ ተነብቦ ሳይንስ በተባለው መጽሔት ወጣ። ከጥንት አፍሪካዊ አጽም እንዲህ ሙሉ በሙሉ ሲነበብ የመጀመሪያው ነበር። ዛሬ በሕይወት ካሉ ሕዝቦች ጋር ሲያነጻጽሩት እጅግ ቀርቦ የተገኘው የአሪ ሕዝብ ነው። ጂንካ ገበያ ላይ የምንጋፋቸው ሰዎች ናቸው።

በዚያው ዓመት ሌላ ጥናት ፕሎስ ጄኔቲክስ በተባለ መጽሔት ላይ ወጣ። ይህኛው የመረመረው የአሪን ቀጥቃጮችና አራሾች ነው። ከዚያ በፊት በዘር ቅንጣታቸው መካከል ልዩነት ታይቶ ስለነበር፣ ሁለት ግምት ነበር። አንዱ ግምት ቀጥቃጮቹ ከአራሾቹ በፊት እዚህ የነበሩ የሌላ ሕዝብ ቅሪት ናቸው የሚል ነው። ሁለተኛው አንድ ሕዝብ ነበሩ፣ የለያያቸው ማግለሉ ነው የሚል ነው። ተመራማሪዎቹ የደረሱበት ሁለተኛው ነው። ቀጥቃጩና አራሹ ባለፉት 4,500 ዓመታት ውስጥ ከተለያዩ የአንድ ግንድ ልጆች ናቸው። ልዩነቱ የመጣው ቀጥቃጮቹ በጋብቻ ተገልለው፣ ጥቂት ሆነው እርስ በርሳቸው ብቻ ሲጋቡ ስለኖሩ ነው።

በቀላሉ ልንገራችሁ። ከአንድ ምንጭ ውሃ ወደ ሁለት ቦይ ብንመራና አንዱን ቦይ ብንገድበው፣ ከጊዜ በኋላ የተገደበው ውሃ ሌላ መልክ ይይዛል። ያን ጊዜ «አያችሁ፣ ይሄ ከጥንትም ሌላ ውሃ ነው» ብንል እውነት ተናገርን? ገዳቢዎቹ እኛው ነን። ሌላ ስለነበሩ አልተገለሉም፤ ስለተገለሉ ሌላ መሰሉ።

ይህ ነገር የደቡብ ኦሞ ብቻ እንዳይመስላችሁ። በጎንደር ቤተ እስራኤላውያን ወንዶቻቸው ብረት እየቀጠቀጡ፣ ሴቶቻቸው ሸክላ እየሠሩ አገሩን ሲያገለግሉ «ቡዳ» ይባሉ ነበር። በሸዋም ብረት ሠሪው፣ ሸማኔውና ቆዳ ፋቂው በሙያቸው ሲሰደቡ ኖረዋል። ዐፄ ምኒልክ ሙያተኛን በሙያው መስደብን የሚከለክል አዋጅ እስከማስነገር የደረሱት ስድቡ አገር የሚጎዳ መሆኑን ስላዩ ነው። ዲና ፍሪማንና አሉላ ፓንክረስት ከሌሎች አጥኚዎች ጋር ሆነው በኢትዮጵያ ስለተገለሉ ሙያተኞች አንድ መጽሐፍ አሳትመዋል። እሱን ያነበበ ሰው ከአንዱ ብሔረሰብ ወደ ሌላው ሲሄድ ስሙ ቢለዋወጥም ነገሩ ተመሳሳይ መሆኑን ያያል፤ አይጋቡም፣ አብረው አይበሉም፣ መሬት የላቸውም፣ ግን ያለ እነሱ አይኖርም።

ሕጉስ? ሕጉ ከእኛ ቀድሞ ሄዷል። የየካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት አዋጅ ራሱ ለማረስ ፈቃደኛ የሆነ ሰው ሁሉ፣ ወንድም ሴትም ሳይባል፣ መሬት ያገኛል አለ። ኅዳር 29 ቀን 1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 25 ሰው በማኅበራዊ አመጣጡ እንዳይለይ ይደነግጋል። አንቀጽ 35 ደግሞ ሴቶችን የሚጨቁን ወይም በአካላቸውና በአእምሯቸው ላይ ጉዳት የሚያደርስ ልማድን ይከለክላል። በዓለም የሴቶች ቀን ይህን አንቀጽ ስንጠቅሰው እንውላለን። ሸክላ ሠሪዋን የሚመለከት መሆኑን ግን ስንቶቻችን አስበነዋል? ሕግ ደግሞ ኩባያ አያቀርብም። ኩባያ የምታቀርበው የቤቱ እመቤት ናት።

አሁን ጥቂት ወደ ውጭ ላውጣችሁ። በእንግሊዝ አገር በየዓመቱ በጥቅምት ወር የጥቁሮች ታሪክ ወር ይከበራል። እ.ኤ.አ. በ1987 ለንደን ላይ ሲጀመር ዋና አስተባባሪው ከጋና የመጣው አኪያባ አዳይ-ሴቦ ነበር። ከተነሳሳበት ምክንያት አንዱ አንዲት የሥራ ባልደረባው የነገረችው ነው፤ ትንሽ ልጇ «ለምን ነጭ አልሆንም?» ብሎ ጠይቋት ነበር። ልጁ ስለ ወገኖቹ ያከናወኑትን መልካም ነገር ቢሰማ ኖሮ ይህን አይጠይቅም ብለው አሰቡ። ስለዚህ በየከተማው የጥቁር ሐኪሙን፣ የነርሷን፣ የመርከበኛውን፣ የጸሐፊዋን ታሪክ መናገር ጀመሩ። እኛም ዘንድ እናቷ ሸክላ ሠሪ መሆኗን ትምህርት ቤት የምትደብቅ ልጅ አለች። እኔ አውቃለሁ፤ ከማመልከቻዎቹ በአንዱ ላይ የተጻፈው ይኸው ነው። «ልጄ በእኔ እንዳታፍር» ይላል።

ስለ አንዲት ሸክላ ሠሪም ልንገራችሁ። ላዲ ክዋሊ ናይጄሪያዊት ናት፤ ክዋሊ የተወለደችበት መንደር ስም ነው። ሸክላ የተማረችው እንደ እኛ አገር ሴቶች በልጅነቷ ከአክስቷ ነው። እንስራዎቿ በአቡጃ አሚር ቤት ተቀምጠው ሳለ ማይክል ካርዲው የሚባል እንግሊዛዊ ሸክላ ሠሪ አያቸው። እ.ኤ.አ. በ1954 እሱ ወዳቋቋመው ማሠልጠኛ ገባች። እ.ኤ.አ. በ1958 ሥራዋ ለንደን ላይ ለዕይታ ቀረበ፤ ቆይቶም እሷ ራሷ እንግሊዝ አገር ሄዳ በሕዝብ ፊት በእጇ እየሠራች አሳየች። ዛሬ የናይጄሪያን የ20 ናይራ ብር ገልብጣችሁ ብታዩ ላዲ ክዋሊ ሸክላዋን ስትሠራ ታገኟታላችሁ። አንድ አገር ሸክላ ሠሪዋን ብሩ ላይ አተመ። እኛ በማኅበራችን መዝገብ ላይ እንጻፍ ወይስ ይቆይ እያልን ነው።

እዚህ ላይ አንዳንዶቻችሁ በልባችሁ የምትሉትን እኔ ልናገር። «ባህላችን ነው» ትላላችሁ። ባህል ቤት ነው፤ ቤት ደግሞ ይታደሳል። ሴት ልጅ ትምህርት ቤት አትሄድም የሚለውም ባህል ነበር፤ እዚህ ከመሐላችን ፈርማችሁ ብድር የምትወስዱ ያንን ባትተዉት ኖሮ ዛሬ ጣታችሁን ቀለም ትነክሩ ነበር። «እኔ አልንቃቸውም፣ ግን ሰው ምን ይለኛል?» የምትሉም አላችሁ። ይህ እውነተኛ ጭንቀት ነው፤ አልቀልድበትም። አማት አለ፣ ባል አለ፣ ጎረቤት አለ። አንዷ ብቻዋን ብትጀምረው ትታማለች። ስለዚህ ነው በማኅበር የምንጀምረው። መቶ ሴት በአንድ ቀን ከጠጣች ሐሜተኛው ማንን ያማል?

እኔም ነጻ አይደለሁም። ካደግሁ፣ ከተማርሁ፣ ይህን ሁሉ ካነበብኩ በኋላ አንዲት ሸክላ ሠሪ ቤት ገባሁ። እንደ ወጉ ቡና አፈላች። ቀድታ ስትሰጠኝ እጄ አልታዘዝ አለኝ። «ጾም ላይ ነኝ» አልኳት። ሁዳዴም ፍልሰታም አልነበረም፤ ቀኑም ማክሰኞ ነበር። ሴትዮዋ ሲኒውን መልሳ ረከቦቱ ላይ አስቀመጠችው። ምንም አልተናገረችም። ከዚያ ለትንሿ ልጇ ሰጠቻት፤ ልጅቷም እኔን እያየች ጠጣችው። ያቺ ልጅ የምን ጾም እንደሆነ ገብቷታል። ሌላ ጊዜ ተመልሼ ሄጄ ሁለት ስኒ ጠጥቻለሁ፤ ሦስተኛውንም ጨምሬያለሁ። ግን የመጀመሪያዋን ስኒ መመለስ አልተቻለም። በልጅቷ ዓይን ውስጥ ቀርታለች።

ስለዚህ ከጉባኤው ሦስት ነገር እለምናለሁ።

አንደኛ፣ የሦስቱ ሴቶች ማመልከቻ ዛሬ ይወሰን። ደንባችን ዕድሜን፣ መዋጮንና ጠባይን ይጠይቃል፤ የእናትን ሙያ አይጠይቅም። ከደንቡ ውጭ ያለ ምክንያት ያላት አባል ካለች ቆማ ትናገርና በቃለ ጉባኤው ይጻፍ። ለመጻፍ የሚያሳፍር ምክንያት ለመወሰኛ አይሆንም።

ሁለተኛ፣ የሚቀጥለው ወር ቡና ከእነሱ በአንዷ ቤት ይሁን። የተለየ ኩባያ ከቤት ይዞ መምጣት አይፈቀድ። ፈገግ አላችሁ፤ ይዛችሁ የምትመጡ እንዳላችሁ አውቃለሁ።

ሦስተኛ፣ ማኅበራችን ለዝግጅቱ የሚገዛው ድስት፣ ጀበናና ምጣድ ላይ የሠሪዋ ስም ይነገር። ስንገዛ ስሟን እንጠይቅ፣ ለሌላ ስንጠቁም በስሟ እንጥራት። ዋጋውን ስንከራከርም የአፈሩን ቁፋሮ፣ የማገዶውን ዋጋና እሳት ላይ የፈነዳውን አብረን እንቁጠር። ጀሪካኑና የአሉሚኒየም ድስቱ ገበያቸውን እየወሰደ ነው። ሙያው በዚህ ትውልድ ቢቋረጥ ጥፋቱ የእነሱ ብቻ አይሆንም።

ለደጋፊዎቻችንም አንድ ቃል አለኝ። በየሪፖርታችን ስንት ሴት እንደቆጠበች፣ ስንት ብር እንደተበደረች እንነግራችኋለን። ቁጥሩ ትክክል ነው። በራችን ላይ ቆማ ያልገባች ሴት ግን በሪፖርት ላይ አትታይም። ከእንግዲህ ስትመጡ «ማን ገባ?» ብቻ ሳይሆን «ማን ቀረ?» ብላችሁ ጠይቁን። ሸክላ ሠሪዎቹም ከእናንተ ምጽዋት አልጠየቁም። አንዷን «ማኅበሩ ምን እንዲያደርግልሽ ትፈልጊያለሽ?» ብዬ ስጠይቃት የመለሰችልኝ «አፈር የምቆፍርበትን ቦታ ማንም እንዳይከለክለኝ፣ ለማገዶ የሚሆን ብድር እንዳገኝ፣ ስብሰባ ላይም ከመሐል እንድቀመጥ» ነው። ሁለቱ ገንዘብና ፈቃድ ይጠይቃሉ፤ ሦስተኛው ምንም አይጠይቅም፤ ወንበር ማስጠጋት ብቻ ነው።

አዲስ ምጣድ ስንገዛ እናሟሸዋለን። በጎመን ዘር እያሸን፣ በእሳት እያሞቅን፣ እስኪለምድ እንታገሠዋለን። የመጀመሪያው እንጀራ ቢጣበቅም ምጣዱን አንጥለውም። እኛም በዚህ ነገር አዲስ ነን። የመጀመሪያው ቡና ላይ እጃችን ሊንቀጠቀጥ ይችላል። ይንቀጠቀጥ፤ ብቻ ስኒውን እንቀበል።

እናቴ ዛሬ በሕይወት የለችም። ያቺ ሴት የሠራችው አንድ ድስት ግን እስካሁን እኔ ቤት አለ፤ አፉ ትንሽ ተሸርፏል እንጂ ወጥ ያወጣል። ስሟን ስላላወቅሁ በስሟ ልጠራላችሁ አልቻልኩም። የሦስቱን አመልካቾች ስም ግን አውቃለሁ፤ ጸሐፊያችንም ታውቃለች። እባክሽ እህቴ፣ መዝገቡን ክፈቺውና ስማቸውን አንብቢልን።